በጀበል ኩጁር ግርጌ የእንግሊዝኛ ክለሳ፦ የጁባ ዓረብኛ ንጽጽራዊ ሰዋስው ለሁለተኛ ደረጃ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ በጁባ ከተማ፣ በተለይም በጀበል ኩጁር ተራራ ግርጌ በሚገኙ ሰፈሮች ለሚኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚቀርቡ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የማስተማሪያና የክለሳ ጽሑፎች ከተማሪው የቋንቋ ዳራ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ ተማሪው የሚጠቀምባቸው የክለሳ ጽሑፎች በአብዛኛው ለሌላ አገር ፈተናና ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ ተማሪው ስሕተት መሥራቱን ይነግሩታል እንጂ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ አያሳዩትም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያስፈልገው ዕውቀት በአመዛኙ በአካባቢ ቋንቋዎች አጥኚዎች እጅ ይገኛል። ጽሑፉ የጁባ ዓረብኛን አምስት ሰዋስዋዊ ባሕርያት ከእንግሊዝኛ ጋር በማነጻጸር፣ እንዲሁም የአካባቢውን ሥነ ቃል ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት መነሻ በማድረግ፣ አንድ የክለሳ ገጽ እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚችል ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ ጁባ ዓረብኛ፣ ንጽጽራዊ ሰዋስው፣ የክለሳ ጽሑፍ፣ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ፣ ሥነ ቃል፣ ደቡብ ሱዳን

1. መግቢያ

ከጁባ በስተምዕራብ፣ ወደ ዬይ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ፣ ጀበል ኩጁር የተባለ ድንጋያማ ተራራ ይታያል። ስሙ የአካባቢውን የቋንቋ ታሪክ በአጭሩ የያዘ ነው። «ጀበል» በዓረብኛ ተራራ ማለት ሲሆን፣ «ኩጁር» በሱዳን ዓረብኛ ከመናፍስት ጋር ይገናኛል ተብሎ የሚታመን የባህላዊ እምነት አዋቂ መጠሪያ ነው። ተራራው ያለው በባሪ ተናጋሪዎች ምድር ነው፤ የሚጠራው በሱዳን ዓረብኛ ነው፤ በግርጌው የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። በእነዚህ ሦስት ቋንቋዎች መካከል የሚያድገው ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ የሚፈተነው በአንደኛው ብቻ ነው።

የጉዳዩን ምንነት ለማሳየት አንድ ለማብራሪያ የተዘጋጀ ምሳሌ ይበቃል። ተማሪው «ጆን በሩን ሰበረው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ወደ ተገብሮ እንዲለውጥ ይጠየቃል። የሚጠበቀው መልስ «ዘ ዶር ወዝ ብሮክን ባይ ጆን» ነው። ተማሪው ግን «ዘ ዶር ብሮክ ባይ ጆን» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያርመዋል፤ የክለሳ መጽሐፉም ደንቡን ደግሞ ይጽፍለታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ግን ተማሪው ረዳት ግሱን ለምን እንደ ተወ አያስረዱትም። ከዚህ በታች በክፍል 5 እንደሚታየው፣ ጁባ ዓረብኛ ተገብሮን የሚመሠርተው ያለ ረዳት ግስ፣ የድምፅ ጫናን ከቦታ ወደ ቦታ በማዛወር ብቻ ነው። ተማሪው ያጎደለው በሚያውቀው ቋንቋ ቦታ የሌለውን ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። የእንግሊዝኛና የጁባ ዓረብኛ ምሳሌዎች በግዕዝ ፊደል ቀርበዋል።

2. እንግሊዝኛ በደቡብ ሱዳን ትምህርት ውስጥ ያለው ቦታ

በደቡብ ሱዳን ከ60 በላይ አገር በቀል ቋንቋዎች ይነገራሉ። በቅኝ ግዛት ዘመን በ1928 ከጁባ ብዙም በማይርቀው በሬጃፍ የተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ ባሪን፣ ዲንካን፣ ኑዌርን፣ ሎቱኮን፣ ሺሉክንና ዛንዴን ጨምሮ የተወሰኑ ቋንቋዎች ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በላቲን ፊደል እንዲጻፉ መሠረት ጥሏል። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ለእንግሊዝኛ ተተወ። ሱዳን በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ የተከተለው የዓረብኛ ማስፋፋት ፖሊሲ ይህን አሠራር ለወጠ።

በ1972 የተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት ዓረብኛን የመላዋ ሱዳን ኦፊሴላዊ ቋንቋ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ የደቡቡ ክልል ዋና ቋንቋ አድርጎ ደነገገ። በዚያው አሥርት ዓመት በማሪዲ የተቋቋመው የአካባቢ ቋንቋዎች ኢንስቲትዩት የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ መጻሕፍትን በአገር በቀል ቋንቋዎች ማዘጋጀት ጀመረ። በ1983 የተቀሰቀሰው ጦርነት ግን ሥራውን አደናቀፈው፤ የጁባ ዩኒቨርሲቲም ወደ ካርቱም ለመዛወር ተገደደ።

በ2011 የጸደቀው የሽግግር ሕገ መንግሥት አገር በቀል ቋንቋዎችን ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች ናቸው ይላል፤ እንግሊዝኛን ደግሞ የመንግሥት የሥራ ቋንቋና በየደረጃው የማስተማሪያ ቋንቋ ያደርጋል። በ2012 የወጣው የአጠቃላይ ትምህርት ሕግ በበኩሉ በመጀመሪያዎቹ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች የአካባቢ ቋንቋ እንዲያገለግል ይፈቅዳል። ጁባ ዓረብኛ በሕገ መንግሥቱ በስም አልተጠቀሰም። የገበያው፣ የታክሲው፣ የሬዲዮውና የትምህርት ቤት ግቢው መግባቢያ ሆኖ ሳለ፣ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚታየው «የተሰባበረ ዓረብኛ» ተብሎ ነው። ይህ አመለካከት በክለሳ ጽሑፍ አዘገጃጀት ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው፤ ሰዋስው የለውም ተብሎ ከሚታሰብ ቋንቋ ጋር እንግሊዝኛን ለማነጻጸር የሚነሣ አዘጋጅ አይገኝምና።

3. በአንድ ክፍል ውስጥ አራት የቋንቋ ዳራዎች

በጀበል ኩጁር ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከተለያየ ቦታ የመጣ ነው። በተራራው ግርጌ ድንጋይ በእጃቸው ፈልጠው ለግንባታ በመሸጥ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች አሉ፤ በገበያው የሚነግዱ አሉ፤ ከታኅሣሥ 2013 ግጭት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቅጥር ግቢ አጠገብ የተጠለሉ ተፈናቃዮችም በዚሁ አካባቢ ይኖራሉ። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተማሪዎቹን የቋንቋ ዳራ በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ቡድን በከተማው ተወልዶ ጁባ ዓረብኛን በአፍ መፍቻነት የሚናገረው ነው። ሁለተኛው እንደ ባሪ፣ ዲንካ ወይም ኑዌር ያለ አገር በቀል ቋንቋ በቤቱ እየተናገረ ጁባ ዓረብኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚጠቀም ነው። ሦስተኛው በካርቱም አድጎ በዓረብኛ የተማረና ከወላጆቹ ጋር የተመለሰ ነው። አራተኛው ደግሞ በዩጋንዳ ወይም በኬንያ የስደተኞች መጠለያ የተማረ፣ እንግሊዝኛና አንዳንዴም ስዋሂሊ ይዞ የመጣ ነው።

እነዚህ አራት ተማሪዎች አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ሊጋሩ ይችላሉ፤ የሚፈተኑትም አንድ ፈተና ነው። ነገር ግን ለተመሳሳይ ስሕተት የሚያደርሳቸው መንገድ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ከካርቱም የመጣው ተማሪ የሰዋስውና የሥነ ጽሑፍ ሙያዊ ቃላትን በመደበኛ ዓረብኛ ተምሯል፤ ተገብሮን «መብኒ ሊል መጅሁል»፣ ተነጻጻሪ ዘይቤን «ተሽቢህ»፣ ተለዋጭ ዘይቤን «ኢስቲዓራ» ብሎ ያውቃል። እሱ የጎደለው የእንግሊዝኛው ስያሜ እንጂ ፅንሰ ሐሳቡ አይደለም። በከተማው ያደገው ተማሪ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ስያሜ በቃሉ ይዞ ፅንሰ ሐሳቡን ሳይጨብጥ ሊቀር ይችላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አጥኚዎችም ቅርብ ነው። ኑዌርኛና አኝዋክኛ በጋምቤላ ክልል በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያገለግላሉ፤ በጋምቤላ የሚገኙ ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኞችም በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ይማራሉ። ስለዚህ አንድ የኑዌርኛ ተናጋሪ ልጅ በትምህርት ዘመኑ ከአንድ የፈተና ሥርዓት ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል፤ ይዞት የሚሻገረው ሰዋስው ግን አንድ ነው።

4. የክለሳ ጽሑፎቹ መነሻ

የደቡብ ሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አራት ዓመት ይፈጃል፤ በመጨረሻው ዓመት ብሔራዊ የማጠናቀቂያ ፈተና ይሰጣል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል ለእንግሊዝኛ ቋንቋና ለሥነ ጽሑፍ የተዘጋጁት የመማሪያ መጻሕፍት ከኬንያ አሳታሚዎች ጋር በመተባበር የታተሙ ናቸው። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ተማሪው ለክለሳ የሚያገኛቸው ጽሑፎች በአመዛኙ ከሦስት ምንጮች የሚመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱን ፈተና ቅርጽ ይዞ ይመጣል።

የኬንያው የ8-4-4 ሥርዓት የማጠናቀቂያ ፈተና ቋንቋንና ሥነ ጽሑፍን አዋሕዶ በሦስት ወረቀት ይፈትናል። የመጀመሪያው 60 ነጥብ ያለው ሲሆን ተግባራዊ ጽሕፈትን፣ ባዶ ቦታ መሙላትንና የንግግር ክሂልን ይይዛል። ሁለተኛው 80 ነጥብ ያለው ሲሆን አንብቦ መረዳትን፣ ከተመደበ መጽሐፍ የተወሰደ ቅንጫቢን፣ ግጥምን ወይም ሥነ ቃልን፣ እንዲሁም ሰዋስውን ይጠይቃል። ሦስተኛው 60 ነጥብ ያለው የድርሰት ወረቀት ነው። የዩጋንዳው የቆየ ሥርዓት ግን እንግሊዝኛ ቋንቋንና ሥነ ጽሑፍን እንደ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ይፈትን ነበር። የእንግሊዝ አገር የክለሳ ጽሑፎች ደግሞ በ2015 ተግባራዊ መሆን ለጀመረው ማሻሻያ የተዘጋጁ ናቸው፤ በዚያ ሥርዓት ተማሪው የሼክስፒርን ተውኔትና የ19ኛው ክፍለ ዘመንን ልቦለድ አንብቦ መጽሐፉን ሳይዝ ይፈተናል።

አንድ የጁባ ተማሪ ከእነዚህ ከሦስቱም የተቀነጫጨበ ማስታወሻ ቢሰበስብ የሚያጋጥመው ችግር የመረጃ እጥረት አይደለም። ለተመደበ መጽሐፍ የተዘጋጀ ማስታወሻ የመጽሐፉን ጭብጥ፣ ገጸ ባሕርያትና ዘይቤ ዘርዝሮ ያቀርባል፤ መጽሐፉ ለእሱ ካልተመደበ ግን ዝርዝሩ በቃል ከመያዝ አልፎ ጥቅም አይሰጥም። የሰዋስው መልመጃውም እንዲሁ ነው። ለአፍ መፍቻ ተናጋሪ የተዘጋጀ የክለሳ ገጽ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ በጆሮው እንዲመዝን ይጋብዘዋል። የጁባው ተማሪ ጆሮ ግን የተቃኘው በሌላ ሥርዓት ነው።

5. ጁባ ዓረብኛና እንግሊዝኛ፦ አምስት የንጽጽር ነጥቦች

ጁባ ዓረብኛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነጭ ዓባይ ዳርቻ በተቋቋሙ የንግድና የወታደር ሰፈሮች በዓረብኛ ተናጋሪዎችና በአካባቢው ሕዝቦች መካከል በተፈጠረ ግንኙነት የበቀለ ቋንቋ ነው። በዩጋንዳና በኬንያ የሚነገረው ኪኑቢ የቅርብ ዘመዱ ነው። በፒጅንነት ተነሥቶ ዛሬ ለብዙ የከተማ ልጆች አፍ መፍቻ ሆኗል። ቃላቱ በአብዛኛው ዓረብኛ ቢሆኑም ሰዋስው ከመደበኛው ዓረብኛ በእጅጉ ይለያል።

5.1 ጊዜና ገጽታ። በጁባ ዓረብኛ ግሱ ለመደብም ለቁጥርም አይረባም፤ ጊዜና ገጽታ የሚገለጹት ከግሱ በፊት በሚገቡ ምዕላዶች ነው። «አና ሩዋ» ያለ ምንም ምልክት «ሄድኩ» ማለት ነው፤ «አና ጊ ሩዋ» «እየሄድኩ ነው»፤ «አና ቢ ሩዋ» «እሄዳለሁ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻው ነጥብ ያልተመለከተው ግስ ያለፈ ድርጊትን መግለጹ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያልተመለከተው ቅርጽ የአሁን ወይም የልማድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ተማሪው በድርሰቱ ውስጥ ያለፈ ታሪክ ሲተርክ «ዬስተርዴይ አይ ጎ» ቢል፣ የጊዜ ስሜት ስለሌለው ሳይሆን ያልተመለከተ ግስ በራሱ ያለፈ ጊዜን ስለሚነግረው ሊሆን ይችላል።

5.2 ገቢርና ተገብሮ። «ጆን ካሱሩ ባብ» «ጆን በር ሰበረ» ማለት ነው፤ ጫናው በግሱ የመጀመሪያ ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። «ባብ ደ ካሱሩ ማ ጆን» «በሩ በጆን ተሰበረ» ማለት ሲሆን ጫናው ወደ መጨረሻው ክፍለ ቃል ይሻገራል፤ አድራጊው «ማ» በሚለው መስተዋድድ ይገባል። የግዕዝ ፊደል ይህን የጫና ልዩነት አያሳይም፤ የአነጋገር ምልክት ሳይጨመርበት በላቲን ፊደል ቢጻፍም አይታይም። ከዚህ የሚከተለው ውጤት ለክለሳ አዘጋጅ ጠቃሚ ነው፦ በተማሪው ቋንቋ ተገብሮ የሚሰማ እንጂ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት የሚታዩ ክፍሎችን፣ ማለትም ረዳት ግስንና የግሱን ሦስተኛ ቅርጽ፣ ይጠይቃል። በተጨማሪም እንግሊዝኛ «ዘ ዶር ብሮክ» የሚለውን ያለ አድራጊ ይቀበላል፤ የማይቀበለው «ባይ ጆን» ሲጨመርበት ነው። የአማርኛው «ተሰበረ» ሁለቱንም ትርጉሞች በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ፣ የኢትዮጵያ ተማሪም በዚህ ቦታ ሊሰናከል ይችላል፤ እሱ ግን ቢያንስ በግሱ ላይ የሚታይ ምልክት፣ የ«ተ-»ን ቅጥያ፣ ለምዷል።

5.3 የሦስተኛ መደብ ተውላጠ ስም። «ኡዎ» እሱንም፣ እሷንም፣ ግዑዝ ነገርንም ይወክላል። በእንግሊዝኛ «ሂ» እና «ሺ» ሲቀያየሩ መምህሩ እንደ ግድየለሽነት ሊቆጥረው ይችላል። ሆኖም የዲንካና የኑዌር ተውላጠ ስሞችም ጾታ አይለዩም። ባሪ ደግሞ በአመልካች ቃላቱ ላይ ወንዴንና ሴቴን «ሎ» እና «ና» በሚሉ ምዕላዶች ይለያል፤ ለባሪ ተናጋሪው ልዩነቱ ከሚያውቀው ነገር ሊጀመርለት ይችላል። ይህ ነጥብ ከሰዋስው ባሻገር ወደ ሥነ ጽሑፍ ይዘልቃል፦ በቅንጫቢ ንባብ ውስጥ ማን ለማን እንደ ተናገረ የሚከታተለው አንባቢ የሚመራው በእነዚሁ ተውላጠ ስሞች ነው።

5.4 እሙርነት። ጁባ ዓረብኛ የመደበኛ ዓረብኛን «አል» እንደ እሙር አመልካች አይጠቀምበትም። «ደ» የተባለው አመልካች ከስሙ በኋላ እየገባ ቀደም ሲል የታወቀን ነገር ያመለክታል፤ ብቻውን የቆመ ስም ደግሞ ጥቅል ወይም ያልታወቀ ነገርን ሊወክል ይችላል። ስለዚህ ተማሪው «ዘ»ን በ«ደ» በኩል መቅረብ ይችላል፤ «ኤ»ን የሚቀርብበት መንገድ ግን ከዚያ የራቀ ነው። ሁለቱን በአንድ መልመጃ ማስተማር ቀላሉንና ከባዱን እኩል ማድረግ ይሆናል።

5.5 ማነጻጸርና «መሆን»። «ኡዎ ከቢር ፉቱ አና» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል «እሱ ትልቅ ያልፋል እኔን» እንደ ማለት ነው፤ ትርጉሙ «ከእኔ ይበልጣል» ነው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ነው» የሚል ግስ የለም፤ በቅጽሉም ላይ የማበላለጫ ቅጥያ የለም። እንግሊዝኛ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፦ «ኢዝ»፣ በቅጽሉ ላይ «-ኤር»ን ወይም ከፊቱ «ሞር»ን፣ እንዲሁም «ዛን»። የተለመደው የክለሳ ገጽ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ሲሆን፣ የጁባው ተማሪ ግን ከመጀመሪያው መጀመር ይኖርበታል።

6. ሥነ ጽሑፍ፦ ከሚታወቀው ወደ ማይታወቀው

የሥነ ጽሑፍ ክለሳ ትልቁ ችግር ሙያዊ ቃላት ያለ ፅንሰ ሐሳብ መጠናታቸው ነው። ተማሪው የተለዋጭ ዘይቤን ብያኔ በቃሉ ሊያወርድ ይችላል፤ ያልታየ ግጥም ሲቀርብለት ግን ለይቶ አያወጣውም። ሆኖም ፅንሰ ሐሳቡ በአካባቢው ሥነ ቃል ውስጥ በሙሉ ጥንካሬው ይገኛል። ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግ በ1973 ባሳተመው የዲንካ መዝሙሮች ጥናት እንደሚታየው፣ በዲንካ ዘንድ ወጣቱ ከበሬው ጋር ተያይዞ ይጠራል፣ ይዘፍናልም። «ማቢዮር» የነጭ በሬ፣ «ማሉዋል» የቀይማ በሬ ስም ነው። ከዚያ አልፎ የበሬው ቀለም ያንኑ ቀለም ባለው እንስሳ ወይም የተፈጥሮ ክስተት በኩል በተዘዋዋሪ ይጠራል። እዚህ ላይ የተለዋጭ ዘይቤ ሦስት ክፍሎች፣ ማለትም የሚገለጸው ነገር፣ የሚገለጽበት ነገርና ሁለቱን የሚያገናኘው ባሕርይ፣ ተሟልተው ይገኛሉ። መምህሩ የሚጨምረው ስያሜውን ብቻ ነው። የአማርኛ መምህር የድርብ ትርጉምን ፅንሰ ሐሳብ በሰምና ወርቅ በኩል እንደሚያስረዳው ማለት ነው።

በተናጋሪና በደራሲ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስተማር ደግሞ የኦኮት ፒቢቴክ ሥራዎች ተስማሚ ናቸው። «የላዊኖ መዝሙር» በእንግሊዝኛ በ1966 በናይሮቢ ታተመ፤ የአቾሊው ቅጂ በ1969 ወጣ። ላዊኖ የምዕራባውያንን አኗኗር የተከተለውን ባሏን ኦቾልን ትወቅሳለች፤ ኋላ በታተመው በሌላው ሥራ ኦቾል መልስ ይሰጣል። ሁለቱንም ድምፆች የጻፈው አንድ ደራሲ ነው። ስለዚህ «ገጣሚው ምዕራባዊ ትምህርትን ይጠላል» የሚለው የተለመደ የተማሪ መልስ ለምን እንደማይበቃ ሁለቱን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ማሳየት ይቻላል። አቾሊ በሰሜን ዩጋንዳ ብቻ ሳይሆን በደቡብ ሱዳን በማግዊ አካባቢም ስለሚነገር፣ ከክፍሉ ተማሪዎች አንዱ የመጀመሪያውን ቋንቋ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል።

ይህ አቀራረብ በአካባቢው አዲስ አይደለም። በ1968 ታባን ሎ ሊዮንግ ከጄምስ ንጉጊና ከሄንሪ ኦውዎር አኒዩምባ ጋር በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ቀርቶ አፍሪካዊ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ቃልን ጨምሮ፣ የትምህርቱ ማዕከል እንዲሆን የሚጠይቅ ሰነድ አቅርቦ ነበር። ሥነ ቃል ከጊዜ በኋላ በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ቦታ አግኝቷል። በኋላ በጁባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ይኸው ደራሲ የዚህ አካባቢ ሰው መሆኑ ለጁባ የክለሳ አዘጋጆች ትርጉም አለው፤ ከኬንያ የሚመጣው የክለሳ መጽሐፍ የሥነ ቃል ክፍል በከፊል ከእነሱው ወገን የፈለቀ ሐሳብ ነው። በሌላ በኩል እንደ ስቴላ ጋይታኖ ያሉ በዓረብኛ የሚጽፉ ደቡብ ሱዳናውያን መኖራቸው ከካርቱም ለተመለሰው ተማሪ የዓረብኛ ንባቡ ከንቱ እንዳልሆነ ያሳየዋል። የዓረብኛ አጭር ልቦለድን አንብቦ ስለ ተራኪው በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ መጻፍ ለእሱ ተገቢ መልመጃ ነው።

7. የአንድ የክለሳ ገጽ አወቃቀር

ከላይ የቀረበውን ወደ ተግባር ለመለወጥ ትልቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። በአንድ ቅጠል ወረቀት የሚያልቅ፣ መብራት በሌለበትም በጥቁር ሰሌዳ ሊገለበጥ የሚችል ገጽ ይበቃል። ገጹ አራት ክፍሎች ይኖሩታል።

የመጀመሪያው ክፍል ተማሪው የሚናገረውን ቅርጽ ያስቀምጣል። ለተገብሮ ከሆነ «ጆን ካሱሩ ባብ» እና «ባብ ደ ካሱሩ ማ ጆን» ተጽፈው፣ ጫናው የሚያርፍበት ክፍለ ቃል ይሰመርበታል። ተማሪዎቹ ሁለቱን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሏቸዋል፤ ልዩነቱን ራሳቸው ይናገራሉ። ሁለተኛው ክፍል የእንግሊዝኛውን አቻ ያቀርባል። ሦስተኛው ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገልጻል፦ «በጁባ ዓረብኛ ተገብሮን ጆሮህ ይነግርሃል፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት መጻፍ አለብህ።» አራተኛው ክፍል በብሔራዊ ፈተናው ቅርጽ የተዘጋጁ ጥያቄዎችን ይይዛል፤ የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ግን ከተናጠል ዓረፍተ ነገር ወጥተው ተማሪው ተገብሮ ለምን እንደ ተመረጠ ከአንድ ሙሉ አንቀጽ ውስጥ እንዲያስረዳ ይጠይቃሉ።

ለሥነ ጽሑፍ የሚዘጋጀው ገጽም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። መጀመሪያ ተማሪው ከቤቱ የሚያውቀው አጭር ተረት ወይም መዝሙር፤ ቀጥሎ በእሱ ውስጥ ያለው ዘዴ በራሱ አገላለጽ፤ ከዚያም የእንግሊዝኛውና፣ ለሚያውቁት ተማሪዎች፣ የዓረብኛው ስያሜ፤ በመጨረሻም ያልታየ የእንግሊዝኛ ቅንጫቢ። በቅንጫቢው ላይ የመጀመሪያው ሥራ ተውላጠ ስሞቹን ከባለቤቶቻቸው ጋር በመስመር ማገናኘት ቢሆን፣ በ5.3 የተጠቀሰው ችግር ወደ ጭብጥ ጥያቄ ከመታለፉ በፊት ይፈታል።

8. ገደቦች

ንጽጽራዊ ሰዋስው ስሕተትን ሁሉ አያብራራም። ለምሳሌ የእንግሊዝኛ ግስ በሦስተኛ መደብ ነጠላ የሚወስደው «-ስ» በብዙ የዓለም ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ዘንድ፣ ግሳቸው ለመደብ የሚረባውን የአማርኛ ተናጋሪዎች ጨምሮ፣ ዘግይቶ የሚለመድ ነው። የጁባ ተማሪ ሲተወው ምክንያቱን በጁባ ዓረብኛ ላይ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። በክፍል 3 የተዘረዘሩት አራት የተማሪ ቡድኖች ለዚህ ጥሩ መመዘኛ ናቸው፦ በአራቱም ዘንድ የሚታይ ስሕተት የቋንቋ ለመዳ አጠቃላይ ደረጃ ምልክት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በአንደኛው ቡድን ብቻ ጎልቶ የሚታይ ግን ከቋንቋ ዳራ ጋር ለመያያዙ ምክንያት ይሰጣል። መምህሩ የተማሪዎቹን የድርሰት ደብተር በዚህ መንገድ ለይቶ ቢመለከት ለአጥኚውም የሚጠቅም መረጃ ያገኛል።

ሁለተኛው ገደብ የጽሕፈት ሥርዓት ነው። ጁባ ዓረብኛ በላቲንም በዓረብኛም ፊደል ይጻፋል፤ ሁሉም የተስማማበት ሆሄያዊ ደንብ ግን የለውም። ለክለሳ ገጽ የላቲን ፊደል ከእንግሊዝኛ ጋር ለማነጻጸር ይቀላል፤ ከካርቱም ለመጣው ተማሪ ግን የዓረብኛው ፊደል ይቀርበዋል። ሦስተኛው ገደብ የአመለካከት ነው። ጁባ ዓረብኛን በክፍል ውስጥ መጻፍ ለአንዳንድ ወላጆችና መምህራን እንግሊዝኛን ማዳከም፣ ለሌሎች ደግሞ በጦርነቱ ዘመን በግድ ወደ ተጫነው ዓረብኛ መመለስ ሊመስል ይችላል። ይህ ስጋት ከታሪክ የመነጨ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። መልሱ ያለው በገጹ ዓላማ ውስጥ ነው፦ ገጹ የሚጀምረው በጁባ ዓረብኛ፣ በባሪ ወይም በኑዌርኛ ቢሆንም የሚያበቃው በእንግሊዝኛ ጥያቄ ነው።

9. መደምደሚያ

በጀበል ኩጁር ግርጌ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለፈተና ሲዘጋጅ በእጁ የሚገባው ጽሑፍ ለናይሮቢ፣ ለካምፓላ ወይም ለለንደን ተማሪ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ጽሑፎች ጥቅም ማግኘት ይቻላል፤ የጎደላቸው የተማሪውን መነሻ ማወቅ ነው። ያ መነሻ ደግሞ በአጋጣሚ የተሰባበረ ንግግር አይደለም፤ የጊዜና የገጽታ ምዕላዶች፣ በጫና የሚመሠረት ተገብሮ፣ የራሱ የእሙርነትና የማነጻጸር ስልት ያለው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በአጥኚዎች ተገልጿል፤ መግለጫው ግን ከቤተ መጻሕፍት ወጥቶ መምህሩ ጋ አልደረሰም።

የአካባቢ ቋንቋዎች አጥኚ በዚህ ረገድ የሚያበረክተው ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በአንድ ገጽ አንድ የንጽጽር ነጥብ፣ ሁለት ምሳሌና ጥቂት ጥያቄዎች። ነገር ግን «ዘ ዶር ብሮክ ባይ ጆን» ብሎ የጻፈው ተማሪ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ሲረዳ፣ የሚያርመው አንድን ዓረፍተ ነገር ብቻ አይሆንም። የሚናገረው ቋንቋ ሰዋስው እንዳለውም ይገነዘባል፤ ሁለተኛውን ሰዋስው የሚማረውም ከዚያ ተነሥቶ ነው።